ሪሚኒ በየትኛው ወር? ከእናቷና ከልጆቿ ጋር ለምትሄድ እህት

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ልጆቻችን የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጆቹ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው። እህቴ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ትኖራለች። እማዬን ከአዲስ አበባ አስመጥተን ሁላችንም ሪሚኒ ባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ልንገናኝ አስበናል። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም አታፈርስም። ሁሉም ሰው ምርጡ ጊዜ ኦገስት ነው ስለሚለኝ ከኦገስት 10 እስከ 24 ልንይዝ ነው። ልክ ነን? ሴፕቴምበርስ? ብርዱ ሲገባ ርካሽ ነው የሚሉትስ?»

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ኦገስት 10ን አትያዢ። ከጁን 20 ገደማ እስከ ጁላይ የመጀመሪያ ሳምንት ያለውን ጊዜ ያዙ። ያኔ የልጆችሽ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባሕሩ ሞቋል። ዋጋው ገና ጣሪያ አልነካም። ከሁሉም በላይ ግን ለእናትሽ ይሻላል።

እኔ እዚህ፣ ሪሚኒና ቦሎኛ ባሉበት በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ በሆቴልና በጉዞ ሥራ ላይ ነኝ። ብዙ ቤተሰብ ሲመጣ አይቻለሁ። አብዛኛው ሰው ወሩን የሚመርጠው ለልጆቹ ብሎ ነው። ልጅ ግን አንዴ ባሕር ካየ ሙቀቱም ግፊያውም አይታየውም። ወሩን ቶሎ ለሚደክመው ሰው ብለሽ ምረጪ። እናንተ ዘንድ እሳቸው እናትሽ ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። ለእናትሽ በስልክ «በክረምት እንገናኛለን» ካልሻቸው የሚታያቸው ዝናብና ጭቃ ነው። አዲስ አበባ በሰኔና በሐምሌ ሹራብ የሚለበስበት ጊዜ ነው። ሪሚኒ ደግሞ በዚያው ሰሞን ፀሐይ በፀሐይ ናት። በጁላይና በኦገስት ቀን ቀን 29 እና 30 ዲግሪ የተለመደ ነው፣ ከዚያ የሚያልፍበትም ቀን አለ። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራም። የሚከብደው እርጥበቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ማታ የማይቀዘቅዝ አየር አያውቅም። አንሶላው ሰውነት ላይ ይለጠፋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ እግር ያብጣል። በጁን መጨረሻም ይሞቃል፤ ግን ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ነፈስ ይላል። እናትሽ ነጠላቸውን ደርበው ውጭ ተቀምጠው ልጆቹን ማየት ይችላሉ። በኦገስት አጋማሽ ያንን ነጠላ ከሻንጣ የሚያወጡት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ኦገስት ልምጣ። ኦገስት 15ን ጣሊያኖች ፌራጎስቶ ይሉታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ዕርገት የምታከብርበት ቀን ነው። ስሙ ግን የመጣው ከሮማው አውግስጦስ ቄሣር ነው። በዚህ ቀን ዙሪያ ብዙ ፋብሪካና ቢሮ ይዘጋል፣ አገር ምድሩ ወደ ባሕር ይወርዳል። ሪሚኒ ደግሞ ከሚላንም ከቦሎኛም በቀላሉ የምትደረስ ከተማ ናት። ከቦሎኛ በሚመጣው አውራ ጎዳና ላይ ቅዳሜ ጠዋት መኪና ከመኪና ተያይዞ ይቆማል። የትራፊክ ባለሥልጣኖች እንዲህ ያሉትን ቀናት አስቀድመው «ጥቁር» ብለው ያውጃሉ። ባቡሩም ከዚያ አይሻልም፤ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ የሚሄደው ብዙ ነው። ሆቴሎች በዚያ ሰሞን ከአንድ ሳምንት ያነሰ ቆይታ አንቀበልም ማለታቸው የተለመደ ነው። ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ቁርስ ሆኖ ዋጋው ከጁን በግማሽ ያህል የሚጨምርበት ሆቴል ሞልቷል። እስከ 24 ልቆይ ካልሽ ደግሞ ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ የሚደረገው ትልቁ የካቶሊኮች ጉባኤ ይደርስብሻል። ፌራጎስቶ አለፈ ሲባል ከተማው እንደገና ይሞላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ቀናቱን ስታሰሪ የእኛን ካላንደር ያየሽው አልመሰለኝም። ኦገስት 7 ነሐሴ 1 ነው። ፍልሰታ ይገባል። የሚፈታው ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ነው። ካሰባችኋቸው 14 ቀናት ውስጥ ከ2 ቀን በቀር ሁሉም ጾም ነው ማለት ነው። ፍልሰታ ደግሞ የምግብ ነገር ብቻ አይደለም። እናትሽ እንደነገርሽኝ ዓይነት ሰው ከሆኑ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ቅዳሴ ሳይቀሩ፣ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ እየሰሙ፣ ከሰፈራቸው ሴቶች ጋር ነው የሚውሉት። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁትን ሱባዔ አስትቶ ከዋና ልብስ መካከል ማስቀመጥ ይከብዳል። ለእናንተ ብለው እሺ ይላሉ። እናት እሺ ትላለች። ግን ልባቸው ደብራቸው ነው የሚሆነው።

«ጁንስ ጾም አይደለም ወይ?» ትዪ ይሆናል። ነው፣ የሰኔ ጾም አለ። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ገብቶ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ በፈረንጅ ጁላይ 12 መሆኑ ነው። ብዙ ምእመን እንደ ፍልሰታ አጥብቆ አይዘውም፣ አንዳንዱ ግን አይለቀውም። እናትሽን ጠይቂያቸው። የሚጾሙት ከሆነና አብረን ፍስክ እንብላ ካላችሁ ከጁላይ 12 እስከ ጁላይ መጨረሻ ያለው ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ይሞቃል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ግን ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ጾም የለበትም። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ጾምም ቢሆን ጁንን አልለቅም። የጾም ምግብ እዚህ አገር ማግኘት ከባድ አይደለም። የሚያስቸግረው ሰዓቱና ሁለት ሦስት የተደበቁ ነገሮች ናቸው።

ሰዓቱን ልንገርሽ። ሪሚኒ ያሉ ብዙዎቹ የቤተሰብ ሆቴሎች ሦስቱንም ምግብ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ፔንሲዮኔ ኮምፕሌታ ይሉታል። ለባለ ልጆች ጥሩ ነው። ምሳ ግን በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀርቦ 8 ሰዓት ሳይሞላ ይነሳል። እናትሽ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሲደርሱ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ አስተናጋጁ ለእራት ጠረጴዛ እየዘረጋ ያገኙታል። ስለዚህ ለእሳቸው ከአልጋው ጋር እራት ብቻ ያለበትን ጠይቂ። ቁርስ ከክፍያው አይነጠልም ካሉሽ ግን አትከራከሪ፤ ፍራፍሬና ዳቦ ለ9 ሰዓት ያስቀምጡላቸዋል። የሪሚኒ ሆቴል ቤት ባለቤቶች ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፣ ምግብ የምትሠራውም አያት ልትሆን ትችላለች። አንዲት እናት በሃይማኖቷ ምክንያት ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ አትበላም ስትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

የተደበቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው። ኤሚሊያ ሮማኛ የፓስታ አገር ነው፤ ነገር ግን በእጅ የሚዳመጠው ትኩሱ ፓስታ፣ ታሊያቴሌና ላዛኛው፣ ሊጡ እንቁላል አለበት። ደረቁ ስፓጌቲ የለበትም። እዚሁ አካባቢ ስትሮዛፕሬቲ የሚሉት ጥምዝምዝ ያለ ፓስታም ብዙውን ጊዜ በዱቄትና በውኃ ብቻ ይሠራል፤ ቢሆንም ጠይቂ። ሌላው ፒያዲና ነው። የሪሚኒ ሰው ፒያዳ ይለዋል። ሳይቦካ በምጣድ የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፣ ከእኛ ቂጣ ጋር ዘመድ ይመስላል፣ እናትሽም ሲያዩት ይወዱታል። በየመንገዱ ዳር ባሉ ትንንሽ ሱቆች ትኩስ ትኩሱን ይሸጣል። ግን ልብ በይ፤ በድሮው አሠራር ሊጡ ውስጥ የሚገባው ስትሩቶ ነው። ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው። ይህን ሳያውቁ በአይብ ብቻ አድርጉልን ብለው ሲበሉ የከረሙ ሀገር ልጆች ገጥመውኛል፣ ኋላ ሲሰሙ በጣም አዘኑ። «ኮን ኦሊዮ፣ ሴንሳ ስትሩቶ» በያቸው፤ በዘይት፣ ያለ ስብ ማለት ነው። በወይራ ዘይት የሚጋግሩ ሱቆች አሉ፣ በራቸው ላይ የሚጽፉም አሉ። የለንም ካሉሽ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፊ።

ለልጆቹ ደግሞ ቦምቦሎኔ አለ። ያው የእኛ ቦምቦሊኖ ነው፣ እዚህ ግን ቀዳዳ የለውም፣ ሆዱ በክሬም ተሞልቶ ስኳር ይነሰነስበታል። እናትሽ ስሙን ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ።

ወሩን ከቆረጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቪዛ ነው። እናንተ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዛችሁ ለሁለት ሳምንት ቪዛ አያስፈልጋችሁም። የእናትሽ ግን ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ ለኢትዮጵያ ዜጎች መደበኛውን የቪዛ ማያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም ተብሏል። 45 ቀኑ የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው፤ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ በላዩ አለ። ማመልከት የሚቻለው ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ስለሆነ ለጁን መጨረሻ ከጃንዋሪ ጀምሮ ተንቀሳቀሱ። የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ግድ ነው። ከማመልከታችሁ በፊት ደንቡ ተቀይሮ እንደሆነ አረጋግጡ። የእህትሽ የግብዣ ደብዳቤና የሆቴሉ ማረጋገጫ አንድ ዓይነት ቀን ይኑራቸው። በአንድ ቀን ልዩነት ጥያቄ ይነሳል።

ስለዚህ ሆቴል ስትይዢ በነፃ የሚሰረዘውን ምረጪ፣ ትንሽ ቢወደድም። አንድ ጊዜ ያስተናገድኳቸው ቤተሰቦች ቅናሽ አገኘን ብለው ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ አስቀድመው ከፈሉ። የአባታቸው ቪዛ የወጣው እነሱ ወደየቤታቸው በተመለሱ በሳምንቱ ነበር። ሆቴሉ ዩሮ አልመለሰም። እኔም ያኔ አጥብቄ አላስጠነቀቅኳቸውም፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባሕሩን በሚመለከት በፎቶ የምታይውን ሰማያዊ ውኃ ጠብቀሽ እንዳትመጪ። ያ ሰርዴኛ ወይም ደቡቡ ነው። የሪሚኒ ባሕር አድርያቲክ ነው፣ ጥልቀት የሌለው፣ አሸዋማ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴና ቡኒ የሚያደላ። ከሰሜን በኩል የፖ ወንዝ ደለል ይዞ ይገባበታል። ውበቱ ሌላ ነው። ብዙ ርቀት ገብተሽ እንኳ ውኃው ወገብሽ ላይ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አሸዋው ደቃቅ ነው፣ ጠጠር የለውም፣ የታመመ ጉልበት አያሰቃይም። የውኃው ሙቀት በሜይ 17 እና 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለልጅ ይበርዳል። በጁን መጨረሻ ወደ 23 ይደርሳል። በጁላይና በኦገስት 25 እና 26 ነው። በሴፕቴምበርም ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ሁለት ነገሮች ድንገት ሊያጋጥሟችሁ ይችላሉ። አንደኛው፣ በአንዳንድ ዓመታት ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሲሞቅ እንደ ቅንጭብ ወተት የተልመዘመዘ ነጭ ነገር ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በ2024 ታይቶ ነበር። ከጥቃቅን የባሕር አልጌ የሚወጣ ነው፤ ሲያዩት ያስጠላል እንጂ በጤና ላይ ጉዳት የለውም፣ ነፋስ ሲመጣ ይበተናል። ሁለተኛው፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ በአንዳንድ የባሕሩ ክፍሎች ለአንድ ቀን ገደማ መዋኘት ሊከለከል ይችላል፤ የጎርፉ ውኃ ወደ ባሕር ስለሚለቀቅ ነው። ማስታወቂያው ባሕር ዳሩ ላይ ይለጠፋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለም ልጆቹን አታስገቢ። ያን ቀን ወደ ከተማው ሂዱ።

የት እንረፍ ካልሽ፣ ለእናንተ ቪዘርባን እመርጣለሁ። የሪሚኒ ባሕር ዳር ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መሐሉ ማሪና ቼንትሮ ነው፤ በ1908 የተከፈተው ዝነኛው ግራንድ ሆቴል ያለበት፣ ቀንም ሌሊትም የደመቀ። ከእሱ ወደ ደቡብ ቤላሪቫ፣ ማሬቤሎ፣ ሪቫዙራና ሚራማሬ ይከተላሉ፣ የሆቴል መዓት ነው። ወደ ሰሜን ደግሞ ሪቫቤላ፣ ቪዘርባ፣ ቪዘርቤላና ቶሬ ፔድሬራ አሉ። ሰሜኑ ጸጥ ይላል። ሆቴሉና አሸዋው ይቀራረባሉ፣ ከክፍል ወጥተሽ ጥቂት እርምጃ ነው። ከባሕሩ ውስጥ በድንጋይ የተሠራ ማዕበል መከላከያ ስላለ ውኃው እንደ ኩሬ ይረጋል። አንዳንዱ ሰው ለዚህ ነው የማይወደው፤ ውኃው በደንብ አይንቀሳቀስም ይላል። ለልጅና ለአሮጊት ግን እሱን ነው የምንፈልገው። ቪዘርባ የራሱ ባቡር ጣቢያ አለው። የጣሊያን ሕንፃዎች በትንሹ ተሠርተው የቆሙበት ኢታሊያ ኢን ሚኒያቱራ የሚባለው መናፈሻም እዚያው ነው፤ ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው፣ የ10 ዓመቱ ልጅ ግማሽ ቀን አይወጣልሽም።

እኛ ባኞ ቤት የምንለው ቃል እዚህ ባሕር ዳር ሌላ ትርጉም አለው። ባኞ ማለት ጥላና ወንበር የሚከራይበት የባሕር ዳር ክፍል ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አለው። የሪሚኒ ሰው ሲቀጣጠር «ባኞ 60 እንገናኝ» ይላል። ነገሩ የተጀመረው በ1843 ነው፣ የመጀመሪያው የባሕር መታጠቢያ ሲከፈት። ያኔ ሰው የሚመጣው ለሕክምና ነበር። ዛሬ አንድ ጥላና ሁለት የተኝታ ወንበር በቀን ከ20 እስከ 35 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል፤ እንደ ወሩና እንደ መስመሩ ይለያያል። ከውኃው አጠገብ ያለው የመጀመሪያ መስመር ውድ ነው። አትክፈዪው። ለእናትሽ የሚሻለው ከኋላ፣ ሽንት ቤቱና ካፌው አጠገብ ያለው መስመር ነው። በሳምንት ከተከራየሽ ይቀንሱልሻል። ብዙ ሆቴሎች ከአንዱ ባኞ ጋር ስምምነት ስላላቸው ሳታረጋግጪ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍዪ። በነፃ የሚኬድበት ባሕር ዳርም አለ፣ ግን ጥላ የለውም። በጁን ፀሐይ ከእናት ጋር እዚያ መዋል አይሆንም።

ሆቴሉን ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ። ሊፍት አለ ወይ፣ ካለስ ከመሬት ነው የሚነሳው ወይስ ደረጃ ተወጥቶ ነው? አሮጌ ሆቴሎች መግቢያቸው ላይ አምስት ስድስት ደረጃ አላቸው፣ ሊፍቱ ከዚያ በኋላ ነው። ማቀዝቀዣው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ በቀን ለብቻ ይከፈላል? መታጠቢያውስ መርገጫው ከፍ ያለ ነው ወይስ ከወለሉ እኩል? ጉልበቱን የሚያመው ሰው በየቀኑ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው። ከክፍሉ ዋጋ በላይ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የከተማ ግብርም እንዳለ አትርሺ። ሲደርሱ የሁሉም ሰው ፓስፖርት፣ የልጆቹም ጭምር፣ ይጠየቃል፤ ሕጉ ነው።

ሴፕቴምበርን ጠይቀሻል። እውነቱን ለመናገር ልጆችሽ ትምህርት ባይኖራቸው ኖሮ ጁንን ትቼ ሴፕቴምበርን እልሽ ነበር። ባሕሩ የጁላይና የኦገስትን ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ የጣሊያን ልጆች በወሩ አጋማሽ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ጥላው ሁሉ ባዶ ነው፣ ብርሃኑ ወርቃማ ነው። ፍልሰታ አልፏል፣ ዕንቁጣጣሽም እዚያው ይውላል። አንድ ቀን እናትሽን ብቻ ይዘሽ የምትመጪበት ዕድል ካገኘሽ በዚያ ወር አድርጊው። የምትጠነቀቂው ሪሚኒ አጠገብ ሚዛኖ ላይ የሚደረገውን የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው፤ በዚያ ቅዳሜና እሑድ አልጋ ይጠፋል።

ብርድ ሲገባ ርካሽ ነው የሚሉሽ ግማሹን ነው የነገሩሽ። ከኦክቶበር ጀምሮ አብዛኛው የባሕር ዳር ሆቴል በሩን ይዘጋል። በኖቬምበር ዝናብና ጭጋግ ነው። በባሕሩ ዳር አሸዋው በማሽን ተቆልሎ ረጅም ግድግዳ ይሠራል፣ ማዕበሉ እንዳይገባ። ለብቻው ለሚራመድ ሰው ያምራል፤ የ6 ዓመት ልጅ ግን ምን ይሠራበታል? ሁሌም ርካሽ አይደለም ደግሞ። ከተማዋ ትልቅ የንግድ ትርዒት ማዕከል አላት። በጃንዋሪ የአይስክሬምና የኬክ ባለሙያዎች ትርዒት አለ፣ በኦክቶበር የቱሪዝም፣ በኖቬምበር የአካባቢ ጥበቃ። በእነዚያ ቀናት ክፍት ያሉት ጥቂት ሆቴሎች በነጋዴ ይሞላሉ። ኤፕሪልና ሜይ ለእግር ጉዞና ለታሪክ ጥሩ ናቸው፣ ለዋና ግን አይሆኑም።

ጉዞውን እንዲህ ብታደርጉት እወዳለሁ። እናትሽ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ ሚላን ይምጡ፣ እህትሽ ከቦሎኛ ሄዳ ትቀበላቸው። ሁለት ሌሊት ቦሎኛ ይረፉ። እናንተ ከዋሺንግተን ሮም ውረዱና በፈጣን ባቡር ቦሎኛ ግቡ፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ከቦሎኛ ሪሚኒ በፈጣኑ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመደበኛው ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዋጋውም በጣም ይረክሳል። ሻንጣና ልጅ ይዛችሁ ስለሆነ በሥራ ቀን፣ ረፋድ ላይ ተሳፈሩ። ዓርብ ማታን ሽሹ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አሸዋ ላይ መዋል ይሰለቻል። አሮጌው ከተማ ከባሕሩ ሲመጡ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ማዶ ነው፣ አብዛኛው ቱሪስት ሳያየው ይመለሳል። በአንዱ ጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 ዓመት የቆመው የአውግስጦስ ቅስት አለ። በሌላው ጫፍ የጢባርዮስ ድልድይ። ግንባታው በ14 ዓ.ም. ተጀምሮ በ21 ዓ.ም. አለቀ። ጢባርዮስ ቄሣር ማለት ያው በወንጌል የምናውቀው፣ መጥምቁ ዮሐንስ ማስተማር ሲጀምር በነገሠ በ15ኛው ዓመት የተባለለት ነው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው። ጌታችን በምድር በነበረበት ዘመን የተሠራ ድንጋይ ነው፣ ዛሬም ሰው በእግሩ ይሻገርበታል። አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ነኩት። ለልጆቹ ደግሞ የቀዶ ሐኪሙን ቤት አሳዪያቸው። በ1989 ፒያሳ ፌራሪ ላይ ሲቆፈር የተገኘ የሮማውያን ሐኪም ቤት ነው። ከመቶ ሃምሳ በላይ የሕክምና መሣሪያዎች ወጥተውበታል፤ መሣሪያዎቹ አጠገቡ ባለው ሙዚየም አሉ። ሳን ማሪኖም በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ባይሞላ ነው። ሌላ አገር ቢሆንም ድንበሩ ላይ ፓስፖርት የሚያይ የለም። ግን ዳገትና ደረጃ ስለሆነ እናትሽን እዚያ አታድክሚያቸው። በዚያ ቀን እህትሽ ከሳቸው ጋር ትዋል።

ለእናትሽ የምመክረው ሰዓት ጠዋት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ብትወጪ የምታይው ወጣት አይደለም። የጣሊያን አሮጊቶች ናቸው። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ኮፍያ አድርገው ውኃው ጉልበታቸው እስኪደርስ ገብተው በባሕሩ ዳር ወዲያና ወዲህ ይራመዳሉ። አይዋኙም። እያወሩ ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ። ውኃው ክብደት ስለሚሸከም ጉልበት ያርፋል። እናትሽ የዋና ልብስ መልበስ አይጠበቅባቸውም፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መግባት ይችላሉ፣ ማንም ዞሮ አያይም። የመጀመሪያውን ቀን አንቺ እጃቸውን ይዘሽ አስገቢያቸው። የማይንሸራተት የጎማ ጫማ ከሜሪላንድ ይዘሽላቸው ነይ፤ ቁጥራቸውን ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂያቸው።